ድምፅ ለመስጠት የደረሱ ልጆቻችን፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

በአሜሪካ የተወለዱ ወይም በልጅነታቸው መጥተው ያደጉ ልጆቻችን ለመራጭነት ዕድሜ እየደረሱ ነው። ወላጆቻቸው በዕድር፣ በማኅበርና በቤተ እምነት ዙሪያ ተሰባስበው ኖረዋል፤ ልጆቹ ደግሞ ካውንስል አዳራሽ ገብተው መናገር፣ መምረጥና መመረጥ ይፈልጋሉ። ለዚህ ዕትም ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ከዋሽንግተን ዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ የተላኩ ናቸው፤ አንድ ከእስራኤል አለ። ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ፕሬዚዳንት ምርጫ ነው። እኛ ግን ሆን ብለን የሠፈሩን ምርጫ አስቀድመናል፤ ውጤቱ በጥቂት መቶ ድምፆች በሚወሰንበት ቦታ አሥር ወጣቶች ተባብረው ነገር ሊለውጡ ይችላሉ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ታኮማ ፓርክ ነው። ልጄ ገና 16 ዓመቱ ነው፤ «በኖቬምበር እመርጣለሁ» ይለኛል። ይህ እውነት ነው? እኔ ራሴ ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት የለኝም። (እናት፣ ታኮማ ፓርክ)

መልስ፦ እህታችን፣ ልጅዎ ልክ ነው። ታኮማ ፓርክ በ2013 ለከተማው ምርጫ የመራጭነት ዕድሜን ወደ 16 ዝቅ በማድረግ በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ከተማ ናት፤ ጎረቤቷ ሃያትስቪል በ2015 ተከትላለች። ልጅዎ የሚመርጠው ከንቲባውንና የቀጠናውን የካውንስል አባል ብቻ ነው። ከተማዋ ስድስት ቀጠናዎች አሏት፤ ምርጫው ከ2020 ወዲህ በሙሉ ቁጥር ዓመታት ኖቬምበር ላይ ይካሄዳል። ልጅዎ ዜጋ ከሆነ የሚሞላው የተለመደውን የሜሪላንድ የመራጮች መመዝገቢያ ፎርም ነው። ግዛቱ ከ16 ዓመት ጀምሮ ይመዘግባል፤ 18 ሲሞላው ሌላ ፎርም ሳያስፈልገው ሙሉ መራጭ ይሆናል።

የከተማው ድምፅ መስጫ ወረቀት ተወዳዳሪዎችን በቅደም ተከተል ያስመርጣል፦ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያሉ። እዚህ ላይ የሚበዛው ስህተት ለሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ደረጃ መስጠት ነው። አንድ ሰው ብቻ መርጦ ሌላውን ባዶ መተው ይቻላል፤ ነገር ግን የመረጡት ሰው ከውድድሩ ቢወድቅ ድምፅዎ የሚሻገርበት ሁለተኛ ምርጫ አይኖረውም።

ስለ እርስዎ ደግሞ ጥሩ ዜና አለ። ታኮማ ፓርክ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎቿን ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በከተማው ምርጫ ታሳትፋለች። ግን በጥንቃቄ ያንብቡ፦ እርስዎ የሚመዘገቡት በልጅዎ ፎርም አይደለም። የከተማው ጸሐፊ ቢሮ ለዜጋ ላልሆኑ ያዘጋጀው የተለየ ፎርም አለ፤ እሱን ብቻ ይሙሉ። የግዛቱ ፎርም «የአሜሪካ ዜጋ ነኝ» ብሎ ያስፈርማል። እዚያ ላይ መፈረም የዜግነት ማመልከቻዎን ከማበላሸት አልፎ ከአገር ሊያስወጣዎት ይችላል። ይህ ስህተት በብዛት የሚፈጸመው መንጃ ፈቃድ ሲታደስ ነው፤ ጸሐፊዋ ቶሎ ቶሎ ትጠይቃለች፣ ሰውም «የስ» እያለ ያልፋል። መራጭነትን የሚመለከተው ጥያቄ ሲመጣ ቆም ብለው «ዜጋ አይደለሁም» ይበሉ።

ሌላው፣ የፖስታ አድራሻ የከተማን ወሰን አይከተልም። በደብዳቤው ላይ የከተማው ስም የተጻፈለት ሁሉ በከተማው ወሰን ውስጥ ይኖራል ማለት አይደለም፤ በተለይ በሃያትስቪል ዙሪያ ይህ ብዙ ሰው ያሳስታል። ከመመዝገብ በፊት ቤትዎን በከተማው የቀጠና ካርታ ላይ ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ እናቴ ዜግነት የወሰደችው እኔ 18 ሊሞላኝ አካባቢ ነው። አሁን 19 ዓመቴ ነው። ግሪን ካርድ አለኝ። ጓደኞቼ «እናትህ ሲቲዝን ከሆነች አንተም ነህ፤ ተመዝገብ» ይሉኛል። (ወጣት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ከደረሱን ጥያቄዎች ሁሉ እንዳትቸኩልበት የምንለምንህ ይህኛውን ነው። ከፌብሩዋሪ 27 ቀን 2001 ጀምሮ በሚሠራው ሕግ መሠረት ልጅ በወላጁ በኩል ዜጋ የሚሆነው ሦስት ነገሮች 18 ዓመት ሳይሞላው አንድ ላይ ሲገጥሙ ነው፦ ቢያንስ አንዱ ወላጅ ዜጋ መሆኑ፣ ልጁ ግሪን ካርድ ይዞ አሜሪካ መኖሩ፣ ዜጋ በሆነው ወላጅ ሕጋዊና ትክክለኛ አሳዳጊነት ሥር መሆኑ። ቅደም ተከተላቸው ለውጥ አያመጣም። እናትህ 18ኛ ልደትህ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ቃለ መሐላ ፈጽማ ከሆነ፣ ሌሎቹም ከተሟሉ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ዜጋ ነህ። ልደትህ አልፎ ከሆነ ግን በአንድ ቀንም ቢሆን ኤን-400 የሚባለውን የዜግነት ማመልከቻ ራስህ ማስገባት አለብህ።

ስለዚህ ሁለት ቀኖች አወዳድር፦ በእናትህ የዜግነት ሰርተፍኬት ላይ ያለውን ቀንና በግሪን ካርድህ ላይ ያለውን የልደት ቀን። ማመልከቻውን ያስገባችበትን ወይም ቃለ መጠይቅ ያለፈችበትን ቀን አትቁጠር፤ የሚቆጠረው መሐላ የተፈጸመበት ነው። የኛ ሰዎች የሚቸገሩበት አንድ ነገር አለ፤ የልደት ቀን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመለስ አንዳንዴ በወር ወይም በዓመት ይዛባል፤ ግሪን ካርዱ ሌላ፣ የልደት ምስክር ወረቀቱ ሌላ ይላል። እንዲህ ካለ መጀመሪያ የስደት ጠበቃ ያስተካክለው። የእንጀራ አባት ወይም የእንጀራ እናት ዜግነት ለልጁ አይተላለፍም፤ በሕግ ጉዲፈቻ ካልሆነ በቀር። ወላጆች ተፋትተው ከሆነም አሳዳጊነቱ በማን እጅ እንደነበር የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልጋል።

ዜጋ ሆነህ ከተገኘህ ማስረጃው ፓስፖርት ነው። የእናትህን ሰርተፍኬት፣ የልደት ምስክር ወረቀትህንና ግሪን ካርድህን ይዘህ አመልክት፤ ኤን-600 በሚባለው ማመልከቻ የሚወጣው የዜግነት ሰርተፍኬት ከፓስፖርት በጣም ይወደዳል። ፓስፖርቱ እጅህ እስኪገባ የመራጭ ፎርም ላይ አትፈርም። ሳታውቅ ተመዝግበህ ከነበረ አትምረጥ፤ ስሙን ለማሰረዝም ሆነ ደብዳቤ ለመጻፍ ከጠበቃ ጋር ሳትነጋገር አትነሣ፤ የተላከልህን ወረቀት ሁሉ አስቀምጥ።

ጥያቄ፦ ባለፈው ፕራይመሪ (ፓርቲዎች ዕጩዎቻቸውን በሚለዩበት ቅድመ ምርጫ) ለመጀመሪያ ጊዜ ልመርጥ ሄድኩ። የሰጡኝ ወረቀት ላይ የነበረው ስኩል ቦርድ ብቻ ነው። ካውንቲ ካውንስል የለ፣ ኮንግረስ የለ። ተሳስተው ነው? (የ20 ዓመት ወጣት፣ ዊተን)

መልስ፦ አልተሳሳቱም። ስትመዘገቢ «የየትኛውም ፓርቲ አባል አይደለሁም» የሚለውን ሞልተሽ ይሆናል። የሜሪላንድ ፕራይመሪ ዝግ ነው፤ በዲሞክራት ወረቀት ላይ የሚመርጠው በዲሞክራትነት የተመዘገበ፣ በሪፐብሊካን ወረቀት ላይ ደግሞ በሪፐብሊካንነት የተመዘገበ ብቻ ነው። ያልተመደበ መራጭ የሚያገኘው ፓርቲ የማይመለከተውን፣ ማለትም ስኩል ቦርድን ነው። ወጣቶቻችን ገለልተኛ መሆን ጨዋነት ይመስላቸዋል፤ እንረዳዋለን። ግን በሞንትጎመሪ ካውንቲ የአብዛኛው ወንበር አሸናፊ የሚለየው በዲሞክራቶች ፕራይመሪ ስለሆነ፣ ኖቬምበር ላይ ብቻ የምትመርጪ ከሆነ ዋናው ውሳኔ ካለፈ በኋላ ትደርሻለሽ። የፓርቲ ምዝገባ መዋጮ የለውም፣ ግዴታ የለውም፣ በኖቬምበር ማንን እንደምትመርጪም አያስገድድሽም። የምትቀይሪው ከፕራይመሪው 21 ቀን አስቀድሞ ነው፤ በዕለቱ እንመዘገባለን የሚሉ አዲስ መራጮች ይቻላቸዋል፣ ፓርቲ መቀየር ግን በዕለቱ አይቻልም።

እዚያው ወንዙን ተሻግረሽ ቨርጂኒያ ብትኖሪ ነገሩ ሌላ ነበር። እዚያ በፓርቲ መመዝገብ የለም፤ መራጩ በፕራይመሪ ቀን የአንዱን ፓርቲ ወረቀት ይጠይቃል። ቨርጂኒያ በየዓመቱ ምርጫ አላት፤ ገዥው፣ የግዛቱ ሴኔትና 100 ወንበር ያለው የተወካዮች ምክር ቤት የሚመረጡት በጎዶሎ ቁጥር ዓመታት ነው፤ በእነዚያ ዓመታት የሚወጣው መራጭ ከፕሬዚዳንት ምርጫው በእጅጉ ያንሳል። «አንድ ድምፅ ምን ያመጣል» ለሚሉ በ2017 በቨርጂኒያዋ ኒውፖርት ኒውስ ከተማ ለዚሁ ምክር ቤት አንድ ወንበር የተደረገውን ምርጫ እናስታውሳቸዋለን። ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ያንሲና ዲሞክራቷ ሼሊ ሳይመንድስ እያንዳንዳቸው 11,608 ድምፅ አገኙ። መጀመሪያ ዳግም ቆጠራው ሳይመንድስን በአንድ ድምፅ አስቀድሞ ነበር፤ ለሁለቱም ምልክት የተደረገበት፣ አንዱ ምልክት ደግሞ የተሰረዘበት አንድ ወረቀት ፍርድ ቤት ቀርቦ ለያንሲ ተቆጠረና እኩል ሆኑ። ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 ዕጣ ወጣ፤ ያንሲ አሸነፈ፤ የምክር ቤቱ አብላጫም በ51 ለ49 በሪፐብሊካኖች እጅ ቀረ። ከዚህ የሚወሰድ ተግባራዊ ነገር አለ፤ ወረቀት ላይ ከተሳሳትሽ ሰርዘሽ አታስገቢው፤ ለአስመራጩ መልሰሽ አዲስ ጠይቂ፤ መብትሽ ነው።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጄ ለሞንትጎመሪ ካውንቲ ስኩል ቦርድ መወዳደር እፈልጋለሁ አለችኝ። እኔ ያደግሁት «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» እየተባለ ነው። ልከልክላት ወይስ ልተዋት? (አባት፣ ጀርመንታውን)

መልስ፦ ወንድማችን፣ የሚፈሩት ነገር መሠረት አለው፤ በቀበሌ ዝርዝር ላይ ስም መገኘት ሕይወት ያስከፈለበትን ዘመን ያየ ትውልድ እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ስለዚህ ስጋቱን በየመልኩ እንመልስ።

ልጅዎ የምትፈልገው ወንበር የተማሪ አባልነት ነው። የሞንትጎመሪ ቦርድ ስምንት አባላት አሉት፤ ሰባቱን አዋቂዎች ይመርጣሉ፣ ስምንተኛውን የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች። የተማሪው አባል ለአንድ ዓመት ከጁላይ 1 ጀምሮ ይሠራል። ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም፤ በ2016 በወጣው ሕግ በበጀት፣ በትምህርት ቤቶች መክፈትና መዝጋት፣ በወሰን ለውጥ ጭምር ድምፅ ይሰጣል። ሠራተኛን በሚቀጡ ውሳኔዎችና በመሳሰሉት ግን አይመርጥም። መንገዱ ሁለት ደረጃ አለው፦ በክረምቱ መጨረሻ የተማሪ ተወካዮች ጉባኤ ከአመልካቾቹ ሁለቱን ያስቀራል፣ በፀደይ ደግሞ ተማሪዎቹ በሙሉ ይመርጣሉ። ብዙዎች የሚወድቁት በመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ ምክንያቱም ጉባኤው ላይ የሚመርጡት የየትምህርት ቤቱ ተወካዮች ናቸው፣ ዕጩዎቹ ግን በራሳቸው ትምህርት ቤት ብቻ ይታወቃሉ። ልጅዎ ካሰበችበት ከአንድ ዓመት በፊት በካውንቲው የተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ መገኘት ትጀምር።

የሚሰጋበት ነገር አለ? ልጅዎ ማንን እንደመረጠች ማንም ሊያውቅ አይችልም። በኋላ መራጭ ሆና ስትመዘገብ ግን ስሟ፣ አድራሻዋና የፓርቲ ምዝገባዋ በመራጮች መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ዕጩዎችም ይህን መዝገብ ያገኙታል። የምርጫ ደብዳቤ በስሟ መምጣቱ የተለመደ እንጂ ክትትል አይደለም። ለዕጩ ተማሪ ትልቁ ጣጣ ማኅበራዊ ሚዲያ ነው፤ በ14 ዓመቷ የለጠፈችው ይወጣል። ከመወዳደሯ በፊት አብራችሁ ገጾቿን ብትመለከቱ ይበጃል። እንድትከለክሏት አንመክርም።

መወዳደሩ ቢቀርም ሌላ መንገድ አለ። በሜሪላንድ ከ16 ዓመት ጀምሮ የምርጫ ጣቢያ አስመራጭ መሆን ይቻላል፤ ክፍያ አለው። የካውንቲው ምርጫ ቦርድ ደግሞ ከ6ኛ ክፍል ጀምሮ ያሉ ተማሪዎች ጣቢያ ላይ የሚያግዙበት መርሐ ግብር አለው፤ ሰዓቱ ለምረቃ ከሚያስፈልገው 75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ይቆጠርላቸዋል። አማርኛ የሚናገር ልጅ እዚያ መቀመጡ ለአረጋውያኑ መራጮች ምን ያህል እንደሚያቀልል መናገር አያሻም።

ጥያቄ፦ 24 ዓመቴ ነው፤ ዲሲ ውስጥ ጆርጂያ አቬኑ አካባቢ እኖራለሁ። ፖለቲካ ልጀምር ብል ከየት ልጀምር? ገንዘብ የለኝም። (አንባቢ፣ ዲሲ)

መልስ፦ ኤኤንሲ ከሚባለው የአካባቢ አማካሪ ኮሚሽን ጀምር። ዲሲ 345 ትንንሽ የምርጫ ክልሎች አሏት፤ እያንዳንዱ ወደ 2,000 የሚጠጋ ነዋሪ ይይዛል፣ አንድ ኮሚሽነር ይመርጣል፣ ኮሚሽነሮቹ ደግሞ በ46 ኮሚሽኖች ይሰባሰባሉ። ዘመኑ ሁለት ዓመት ነው፤ ደመወዝ የለውም፤ ፓርቲ የለበትም። ብዙ ወንበር ላይ አንድ ሰው ብቻ ይቀርባል፤ አንዳንዱ ያለ ዕጩ ይቀራል።

የሚያስፈልግህ 25 ትክክለኛ ፊርማ ነው። ፎርሙ በምርጫው ዓመት ጁላይ ወጥቶ በኦገስት መጀመሪያ ይመለሳል፤ አንድ ወር ብቻ ነው። ከማስገባትህ በፊት ቢያንስ 60 ቀን በዚያ ክልል የኖርክና በአድራሻህ የተመዘገብክ መራጭ መሆን አለብህ። ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ፈራሚዎቹ በዲሲ መኖራቸው አይበቃም፣ በአንተ ክልል ውስጥ የተመዘገቡ መሆን አለባቸው። ክልሉ በጣም ትንሽ ስለሆነ መንገዱን ከተሻገርክ የሌላ ሰው ክልል ልትገባ ትችላለህ። ቤት የቀየረና አድራሻውን ያላሳወቀ ሰው ፊርማ ይሰረዛል። ፊርማ ሰብሳቢው ከወረቀቱ ግርጌ ያለውን ማረጋገጫ ካልፈረመ ገጹ በሙሉ ይወድቃል። ወረቀቱ ከገባ በኋላ ማንም መራጭ በ10 ቀን ውስጥ ሊቃወመው ይችላል። ስለዚህ 25 ላይ አታቁም፤ 45 ወይም 50 ሰብስብ። ሬስቶራንት በር ላይ ቆመህ ከምትሰበስብ የክልልህን የመራጮች ዝርዝር ይዘህ በር አንኳኳ። የምታሸንፍበትም መንገድ ያው ነው፤ በጥቂት መቶ ድምፅ በሚወሰን ውድድር ሦስት ቅዳሜ የሚያንኳኳ ሰው ቀድሞ ይገኛል። ቲክቶክ ላይ 10 ሺህ ሰው ቢያይህ በክልልህ የሚኖረው ስንቱ ነው?

ኮሚሽነር ሆነህ ምን ትሠራለህ? መሥሪያ ቤቶች በመጠጥ ፈቃድ፣ በግንባታ፣ በመንገድና በመሳሰሉት ላይ ከመወሰናቸው በፊት ለኮሚሽኑ ማሳወቅ አለባቸው፤ ኮሚሽኑ የሚሰጠውን አስተያየትም በሕጉ ቃል «ከፍተኛ ክብደት» ሰጥተው ለእያንዳንዱ ስጋት በጽሑፍ መመለስ ይጠበቅባቸዋል። ዩ ስትሪትና 9ኛው ጎዳና ላይ፣ ጆርጂያ አቬኑም ላይ ያሉት የሀበሻ ምግብ ቤቶች ፈቃድ በዚህ ጠረጴዛ ያልፋል። ክብደቱ የሚገኘው ግን አስቀድሞ በታወጀ ግልጽ ስብሰባ፣ ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቶ ድምፅ ሲሰጥና ደብዳቤው በጊዜው ሲደርስ ነው። አንዱ ከጎደለ አስተያየቱ እንደ ማንኛውም ነዋሪ ደብዳቤ ይቆጠራል። ደብዳቤው ላይ «ነዋሪው ተቆጥቷል» ብሎ መጻፍ ጥቅም የለውም፤ የቆሻሻ ማንሻው ሰዓት፣ የመኪና ማቆሚያው ብዛት፣ የሙዚቃው መዝጊያ ሰዓት ይጻፍ፤ መሥሪያ ቤቱ በዝርዝር ሊመልስ የሚገደደው በዝርዝር ለተጻፈ ነው።

በዲሲ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎችም ከ2024 ጀምሮ በአካባቢ ምርጫ፣ ኤኤንሲን ጨምሮ፣ መርጠዋል። ሕጉን ለማስሻር ኮንግረስ ውስጥ ተደጋጋሚ ሙከራ ስላለ፣ ዘመድህን ከማስመዝገብህ በፊት የዕለቱን ሁኔታ ከምርጫ ቦርዱ፣ የዜግነት ጉዳዩን ከጠበቃ አረጋግጥ።

ጥያቄ፦ ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ውስጥ ወጣቶቹ የዕጩዎች መድረክ ማዘጋጀት ይፈልጋሉ። ሰበካ ጉባኤው ከግብር ነፃ መሆናችንን እናጣለን ብሎ ፈርቷል። (የቦርድ አባል፣ አሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ መድረክ ማዘጋጀት ይፈቀዳል፤ የሚከለከለው ዕጩ መደገፍ ወይም መቃወም ነው። ክልከላው ከ1954 ጀምሮ በግብር ሕጉ ውስጥ አለ፤ ከግብር ነፃ የሆኑ ማኅበራትንም ይመለከታል። ለወንበሩ የሚወዳደሩትን ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ደብዳቤ ጋብዙ፤ የግብዣውን ቅጂ አስቀምጡ፤ የቀረው ሰው በራሱ ምርጫ እንደቀረ ማሳየት እንድትችሉ። ጥያቄዎቹ ስለ ኪራይ፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ታክሲና ስለ ንግድ ፈቃድ ይሁኑ፤ ለሁሉም እኩል ደቂቃ ይሰጥ፤ አወያዩ ለማንም የማይሠራ ሰው ይሁን። ችግር የሚመጣው በመጨረሻው አምስት ደቂቃ ነው፤ አንድ አባት ማይክሮፎን ይዘው «ልጃችንን እንምረጥ» ይላሉ። አስቀድሞ ይነገራቸው። የመራጮች ምዝገባ ጠረጴዛም ይፈቀዳል፤ ዜጋ መሆን ግዴታ እንደሆነ በአማርኛ በትልቁ ይጻፍ።

ጥያቄ፦ እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም። ዜጋ ናት። ድምፅ መስጫው ውስጥ አብሬያት ልገባ እችላለሁ? (ልጅ፣ ስፕሪንግፊልድ)

መልስ፦ ትችያለሽ። የፌደራሉ የምርጫ መብት ሕግ ማንበብ ወይም መጻፍ የማይችል መራጭ የፈለገውን ሰው ይዞ እንዲገባ ይፈቅዳል፤ አሠሪው፣ የአሠሪው ወኪል ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ተጠሪ ካልሆነ በቀር። መግቢያው ላይ እናትሽ ራሷ ትጠይቅ፤ አንቺ እንድትፈርሚ ፎርም ሊሰጥሽ ይችላል። እያንዳንዱን መስመር አንብቢላት፣ ያለችሽን ብቻ ምልክት አድርጊ፣ መልሰሽ አንብቢላት። ቤት ሳላችሁ የናሙና ወረቀቱን አውጥታችሁ ብትለማመዱበት ይቀላል። ዲሲ የምትኖሩ ደግሞ አማርኛ በ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከሚስተናገዱት ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ የተተረጎመ ጽሑፍ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ነታንያ ነው የምኖረው። 17 ዓመቴ ነው። ለክነሴት (ለፓርላማው) አልመርጥም፤ ለከተማው ግን ትመርጣለህ ይሉኛል። (ተማሪ)

መልስ፦ ልክ ናቸው። በእስራኤል ለአካባቢ ምርጫ 17 ዓመት የሞላው ይመርጣል፤ ለክነሴት 18 ነው። ተዑዳት ዜሁትህን (መታወቂያህን) ይዘህ ትሄዳለህ፤ ሁለት ወረቀት ትመርጣለህ፦ ቢጫው ለከንቲባ፣ ነጩ ለካውንስል ዝርዝር። ለከንቲባ ማንም 40 በመቶ ካላገኘ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለተኛ ዙር ይኖራል፤ ያኔ ተመልሰህ ሂድ፤ በሁለተኛው ዙር ብዙ ወጣት ይቀራል። የምትመርጠው በነዋሪዎች መዝገብ ላይ ባለው አድራሻህ ስለሆነ ቤተሰብህ ቤት ቀይሮ ከነበረ አስቀድማችሁ አስተካክሉ።

ጥያቄ፦ በሠፈራችን ያለው የወጣቶች ማዕከል ሰዓት እንዲረዝም እንፈልጋለን። 12 ልጆች ነን፤ ማናችንም 18 አልሞላንም። (ተማሪዎች፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ)

መልስ፦ ይህ የበጀት ጥያቄ ነው፤ የበጀቱን ወቅት ያዙ። የካውንቲው ኤግዚኪዩቲቭ ረቂቁን እስከ ማርች 15 ለካውንስሉ ያቀርባል፤ የሕዝብ ውይይቱ በኤፕሪል ነው፤ ካውንስሉ እስከ ጁን 1 መጨረስ አለበት፤ አዲሱ በጀት ጁላይ 1 ይጀምራል። በሴፕቴምበር የመጣ ጥያቄ አሥር ወር ይጠብቃል። ለመናገር ዕድሜ አይጠየቅም፤ አስቀድሞ ስም ማስመዝገብ ግን ያስፈልጋል፣ ቦታው ቶሎ ይሞላል። የሚሰጣችሁ 2 ወይም 3 ደቂቃ ነው፤ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የምትፈልጉትን ተናገሩ፦ የትኛው ማዕከል፣ የትኞቹ ቀናት፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት። 12ታችሁም አንድ ዓይነት ንግግር አታድርጉ፤ ሁለት ሰው ይናገር፣ አሥሩ በጽሑፍ ያስገቡ። ከዚያ በፊት ለቀጠናችሁ የካውንስል አባል ቢሮ ደውላችሁ፣ ማዕከሉን አንድ ሰዓት አቆይቶ ለመክፈት ስንት ሠራተኛና ስንት ብር እንደሚያስፈልግ ጠይቁ፤ ቁጥሩን ይዛችሁ ስትቀርቡ የካውንስሉ ባለሙያዎች ጥያቄያችሁን በበጀት መስመር ላይ ሊያስቀምጡት ይችላሉ።